የጎንደር ፖሊስ መምሪያ ግቢ ቢጠበው የት ይሂድ? አማራጮቹን ጎን ለጎን

የፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው አስጎብኚው በሮቹን ሲቆጥር ሰምቷል። 12 ናቸው። ዳኞቹ በወንበር በር ይገባሉ። ሙዚቀኞቹ እምቢልታ በር አላቸው። የፈረሱ ሹም ባልደራስ በር ነበረው። ነገሥታቱ ያን ያህል በር ያበዙት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ዳኛና ባለጉዳይ፣ ፈረስና እንግዳ በአንድ በር ሲጋፉ ምን እንደሚመስል ሳያውቁት አልቀሩም።

በር ያነሳሁት ስለ ፖሊስ ልጽፍ ፈልጌ ነው። አንድ ጊዜ መታወቂያ ጠፋብኝና ማስረጃ ለማጻፍ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ያለው በር አንድ ነው። ከፊቴ አንዲት ልጅ ፊቷ አብጦ ተራ ትጠብቃለች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት በካቴና ታስሮ በዚያው በር ገባ። ከልጅቷ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። የመታት እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ልጅቷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ፖሊሶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቤቱ ነው የበደላት።

እንግዲህ የከተማ አስተዳደሩ ነገ ጠዋት «ፖሊሳችን አድጓል፣ ግቢው ጠቦታል፣ የት እናድርገው?» ብሎ ቢቀመጥ ምን ይመርጣል? ጥያቄው የሚመጣ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራት። ዛሬ ከተማዋ በስድስት ክፍለ ከተማ ተከፋፍላለች፤ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ አራዳ፣ ዞብል፣ ማራኪና አዘዞ ጠዳ። ሰው ሲጨምር ፖሊስ ይጨምራል። ፖሊስ ሲጨምር ደግሞ ወንበር ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤት፣ ተሽከርካሪ ማቆሚያ፣ ማረፊያ ቤትና ሽንት ቤት ይጨምራል።

## ከቦታው በፊት መመዘኛው

ስብሰባ ላይ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አንዱ «እዚያ ጋ ባዶ መሬት አለ» ይላል። ሌላው «የእገሌ ሕንፃ ይከራያል» ይላል። ከዚያ ክርክሩ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ምን እንደሚፈለግ ግን ማንም አልተናገረም። ስለዚህ ቦታ ከመጥራት በፊት የሚከተሉት ወረቀት ላይ ይስፈሩ።

በር። ቢያንስ 3 ያስፈልጋል። አንዱ አቤት ለማለት ለሚመጣ ሰው፣ አንዱ ለተጠርጣሪ፣ አንዱ ለፖሊሱና ለመኪናው። የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ክፍል ደግሞ ከዋናው መንገድ የማይታይ መግቢያ ቢኖረው ጥሩ ነው። በር የማይበዛለት ሕንፃ፣ ምንም ቢያምር፣ ለፖሊስ አይሆንም። ይህን ያስቀደምኩት ስለዚያች ልጅ ነው፣ አልደብቅም።

ማረፊያ ቤት። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ፕላን ያወጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 21 ቤተሰቡ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ይህ ሁሉ በግንበኛ ቋንቋ ሲገለበጥ የወንድ፣ የሴትና የልጅ ክፍል ለየብቻ፣ ጠበቃ በጆሮ የማይደመጥበት ትንሽ ክፍል፣ ፍርድ ቤትም ቅርብ ማለት ነው።

ስፋቱንም በግምት አንተወው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ ክፍል ለአንድ እስረኛ 3.4 ካሬ ሜትር ይመክራል። ለምሳሌ ያህል 60 ሰው ይያዛል ብንል 204 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ መኝታው ብቻ። ኮሪደሩ፣ መታጠቢያው፣ ፀሐይ መሞቂያው ገና አልተቆጠረም። ብዙ ጊዜ ፕላን ላይ «ማረፊያ» ተብሎ አንድ ጥግ ይሰጠዋል። ከዚያ ሰው እንደ ከረጢት ይደረደራል።

ስንቅ የሚባለውን ነገርም አንርሳ። በእኛ አገር የታሰረ ሰው ምግብ በአብዛኛው ከቤት ነው የሚሄድለት። እናት ወይም እህት ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ ጠዋትና ማታ ትመላለሳለች። ማረፊያ ቤቱ ሁለት ታክሲ በሚያስይዝ ቦታ ከሆነ ቅጣቱ የእሷ ነው።

ግቢ። ከሕንፃው በላይ የማየው ይህን ነው። አንድ ፒካፕ ቆሞ ለመዞር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። 20 መኪና ማለት 500 እስከ 600 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ ኤግዚቢት አለ፣ በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ ማለት ነው። በብዙ ጣቢያ ግቢ የሚታየው አንድ ነው፤ ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ፣ ሣር የበቀለበት ሚኒባስ፣ ዝገት የበላው ሞተር ሳይክል። ጉዳዩ ያለቀም ያላለቀም አብሮ ይቆማል። «ግቢ ጠበበን» ከሚለው ጩኸት ምን ያህሉ የፖሊስ፣ ምን ያህሉ የባጃጅ እንደሆነ መጀመሪያ መለየት አለበት።

መድረስ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «መምሪያው መሀል ከተማ ካልሆነ ሌባ አይያዝም» ይባላል። ሌባ የሚያሯሩጠው ግን መምሪያው አይደለም። የሰፈሩ ጣቢያና ፓትሮሉ ነው። መምሪያው ቅርብ መሆን ያለበት ለባለጉዳይ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለዐቃቤ ሕግና ለሆስፒታል ነው። የተደበደበ ሰው የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከመሀል ከተማው ብዙም አይርቅም።

ውኃ። ጎንደር ላይ ስለ ውኃ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ብንይዝ፣ 60 እስረኛ 900 ሊትር ይጠጣል፣ ይታጠባል። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ቢመጣ 6,300 ሊትር መጠራቀም አለበት። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል ትሉ ይሆናል። ፖሊሱስ? ሽንት ቤቱስ? ሁለተኛ ሮቶ ከነማስቀመጫው ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

ገንዘብ። የዛሬውን ሳይሆን የ20 ዓመቱን። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኪራይ፣ ጥበቃ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ፋይናንስ ክፍሉ ያውቀዋል፣ ቢጠየቅ።

## አማራጭ 1፦ እዚያው ነባር ግቢ ላይ መስፋፋት

ሰው ያውቀዋል። ካርታው አለ። ካሳ የለም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ደግሞም ትክክል ነው።

ችግሩ እየሠሩ መገንባት ነው። ፎቅ እየተሠራ ከሥር እስረኛ፣ መዝገብና መሣሪያ አይቀመጥም። የቀን ሠራተኛ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ለጊዜው የሚዛወርበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል፣ እሱም ገንዘብ ነው። በነባሩ ቤት ላይ ፎቅ ልጨምር የሚል ደግሞ መሠረቱን ሳያስመረምር ባይጀምር ይሻላል። ለአንድ ወለል የተሠራ መሠረት ሦስት ፎቅ አይሸከምም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ መሥራት ይቻላል። ኤግዚቢቱን ማጽዳት ነው። ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ተቀምጠው የተዘጉትን መዝገቦች ይለዩ። የሚመለሰው ይመለስ፣ የሚወረሰው በሐራጅ ይሸጥ፣ የቀረው ወደ ሌላ አጥር ይወሰድ። ይህን ሳያደርግ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ መምሪያ፣ አዲሱንም ግቢ በባጃጅ ይሞላዋል።

## አማራጭ 2፦ ፒያሳ ያለ የጣሊያን ዘመን ሕንፃ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በኅዳር 1934 እጅ እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳን ሠርቶ ነው የሄደው። ሕንፃዎቹ ያምራሉ። ጠንካራ ናቸው። ከጃንተከል ዋርካ ሥር ቆሞ ሲያዩት «እዚህ ቢሆን!» ያሰኛል። እኔንም ያምረኛል።

ግን በሩን ቁጠሩ። ለፖስታ ቤት ወይም ለሱቅ የተሠራ ቤት ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ተጠርጣሪ የሚገባበት ጓሮ የለውም። ግድግዳ ልቁረጥ ቢባል የቅርስ ፈቃድ ይጠየቃል፣ መጠየቅም አለበት። ከፒያሳ ጥግ ያለው ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የሬዲዮ አንቴና ከግንቡ ጀርባ ተተክሎ በየቱሪስቱ ፎቶ ላይ ሲወጣ አስቡት።

ደግሞ ታሪክ አለ። በዚያ ጦርነት ማብቂያ የእንግሊዝ የአየር ድብደባ ግቢው ውስጥ ያለውን የኢያሱን ግንብ ጎድቶታል። የታጠቀ ኃይል ቅርስ ጥግ ሲሰፍር ቅርሱም አብሮ ዒላማ ይሆናል። እዚህ ላይ ፈራጅ ልሁንና፣ ለፒያሳ የሚስማማው ትንሽ የባለጉዳይ ቢሮና የቱሪስት ፖሊስ ጠረጴዛ ነው። መምሪያው አይደለም።

## አማራጭ 3፦ ሕንፃ መከራየት

ቶሎ ይገባል። ይኼው ነው ትልቁ ጥቅሙ። ግንባታ ዓመታት ሲወስድ ኪራይ በወራት ያልቃል።

ቀሪውን ስናይ ግን ያስፈራል። የንግድ ሕንፃ ፊቱ መስታወት ነው። ከሥር ካፌ፣ ከላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ መካከል ላይ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አይሆንም። ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ያን ጊዜ በክራንች የመጣ ባለጉዳይ አራተኛ ፎቅ በምን ይወጣል? መዝገብ ቤትም ጉድ ያመጣል። ወረቀት ከባድ ነው። የቢሮ ወለል ለሰውና ለጠረጴዛ እንጂ እስከ ኮርኒስ ለተደረደረ ፋይል ተሰልቶ አይሠራም። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ካልሆነ መሐንዲስ ይጠየቅ።

ውሉም ሌላ ጣጣ ነው። አከራዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ ጨምሩ ቢልስ? ማረፊያ ቤት ብሎ ብረት የገጠመ መምሪያ እንደ ግለሰብ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ አይወጣም። አከራዩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ኪራይ ለአስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለሰው ኃይል ቢሮ ይሁን። እስረኛና መሣሪያ ወደ ኪራይ ቤት አይግባ።

## አማራጭ 4፦ አዘዞ በኩል አዲስ መገንባት

መሀል ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወደ አዘዞ ሲወረድ ሜዳ ይገኛል። ቦታ ሰፊ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መሬት ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጥ ይችላል። የባሕር ዳሩ መንገድ በዚያው ያልፋል፣ የመተማው ከዚያው ይገነጠላል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው ወገን ነው። በባዶ መሬት ላይ በሩንም፣ ግቢውንም፣ ማረፊያ ቤቱንም እንደ ሕጉ መሥራት ይቻላል። በወረቀት ላይ አሸናፊው ይህ ነው።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ባዶ የሚባለው መሬት ብዙ ጊዜ የአንድ ገበሬ ማሳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ካሳውን መክፈልና ማቋቋምን ያዛል። ካሳ ያልተያዘበት በጀት ውሸት ነው። ሜዳው ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ መሠረቱ ይወደዳል፤ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞ። የአፈር ምርመራ ከጨረታ በፊት ነው እንጂ ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ አይደለም።

ርቀቱም ቀላል አይደለም። ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ 18 ደቂቃ ነው። መንገድ ክፍት ሲሆን። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ሌላው ቀን ደግሞ የአዲስ ዓለም እናት ስንቅ ይዛ፣ የወለቃ ባለጉዳይ ፋይሉን ይዞ ከተማውን ሙሉ ያቋርጣል። ለጊዜ ቀጠሮ ፍርድ ቤት የሚመላለሰውም መኪና ነዳጁ ከበጀት ነው።

## አማራጭ 5፦ መምሪያውን መከፋፈል

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ «አንድ መምሪያ፣ አንድ ግቢ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ማን አለ ግን? የመምሪያው ሥራ በሁለት ይከፈላል። ሰው የሚመጣበት አለ፣ ሰው የማይመጣበት አለ። አቤቱታ፣ ምርመራ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ የትራፊክ አደጋ ፋይል፣ የአጭር ጊዜ ማረፊያ ቤት ሰው የሚመጣባቸው ናቸው። ኤግዚቢት፣ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ የሥልጠና ሜዳ፣ የመጠባበቂያ ኃይል ካምፕ ሰው አይመጣባቸውም።

የመጀመሪያዎቹ በነባሩ ግቢ መሀል ከተማ ይቆዩ። ሁለተኛዎቹ አዘዞ ይውረዱ። መሬቱ ትንሽ ስለሆነ ካሳው ይቀንሳል። መጋዘንና ሼድ ከቢሮ ሕንፃ ርካሽ ነው፣ በቶሎም ያልቃል። ነባሩ ግቢ ደግሞ ባጃጁና ጋራዡ ሲወጣለት ሁለት በር የሚጨመርበት ቦታ ያገኛል።

ጉዳት የለውም አልልም። ሁለት ግቢ ሁለት ጥበቃ ይፈልጋል። ኤግዚቢት ለፍርድ ቤት ሲፈለግ ከአዘዞ ይመጣል፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ዕቃ መዝገቡን ያበላሻል። ስለዚህ ቢላዋ፣ ስልክ፣ ሰነድን የመሰለ ትንሽ ኤግዚቢት መሀል ከተማ ይቆይ። የሚወርደው ተሽከርካሪና ከባድ ዕቃ ብቻ ነው።

## በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ነባር ግቢ | ፒያሳ አሮጌ ሕንፃ | ኪራይ | አዘዞ አዲስ | ከፋፍሎ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሦስት በር | ከጸዳ ይቻላል | አይቻልም ማለት ይቀላል | አስቸጋሪ | በሚገባ | ይቻላል |
| ማረፊያ ቤት እንደ ሕጉ | በእድሳት | አይሆንም | ፈጽሞ | በሚገባ | በእድሳት |
| ግቢና ማቆሚያ | ጠባብ | የለም | የለም | ሰፊ | በቂ |
| ለባለጉዳይ ቅርበት | ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ ቦታው | ሩቅ | ጥሩ |
| የመጀመሪያ ወጪ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ድንገተኛ ወጪ ይበዛዋል | ትንሽ | ትልቅ | መካከለኛ |
| የ20 ዓመት ወጪ | ትንሽ | ጥገናው አያልቅም | ትልቅ | ነዳጁ ይታሰብ | መካከለኛ |
| ለመግባት ጊዜ | መካከለኛ | ረጅም፣ በፈቃድ | አጭር | ረጅም | ደረጃ በደረጃ |

## ለየትኛው ኪስ የትኛው

ዘንድሮ በጀት ከሌለ፦ ኤግዚቢቱን ማጽዳት፣ አንድ የጎን በር መክፈት፣ ለሴቶችና ሕፃናት ክፍል መለየት፣ ሁለተኛ ሮቶ መትከል። ይህ የግንበኛና የብረት በያጅ ሥራ ነው። ኮንትራክተር እንኳ አያስፈልገውም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

መጠነኛ በጀት ካለ አማራጭ 5። መጀመሪያ የአዘዞው አጥርና ሼድ ይሠራል፣ ኤግዚቢትና ጋራዥ ይወርዳል፣ ከዚያ ነባሩ ግቢ ይታደሳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እድሳቱ በዝገት መሀል ይሆናል። እድሳቱ እስኪያልቅ የአስተዳደር ሠራተኛውን በኪራይ ቤት ማቆየት ይቻላል፤ ውሉ ላይ ከነማራዘሚያው የጊዜ ገደብ ይጻፍ።

ትልቅ በጀት ከተገኘና ከተማው በአዘዞና በጠዳ በኩል ማደጉን ከቀጠለ፣ አማራጭ 4 ይታሰብ። ግን መሀል ከተማው ላይ ማረፊያ ቤት ያለው ጣቢያ ሳያስቀር መምሪያው መውጣት የለበትም። አንዳንዱ «ትልቅ ሕንፃ ካገኘን ትንንሾቹን እንዘጋለን» ይላል። እኔ ብሆን አልፈርምም።

ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ቦታውን ሦስት ጊዜ ሄዶ ማየት ነው። አንዴ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት። አንዴ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ብቻዋን የምትመጣ ሴት ታክሲ ታገኝ እንደሆነ ለማየት። አንዴ ጥር 10 ቀን፣ ከዚያ ግቢ የተነሳ ፓትሮል መኪና መዋኛው ጋ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ሰዓት ይዞ ለመቁጠር።